የታጨደው ቀጤማ

ሂዳያ ለሙዓዝ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል ሰላምታ አልነበረም።

«ይሄ ሽታ መቼ ነው የሚለቀን?» ነው ያለችው።

እሱ አዲስ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ የልኬት ገመድ ይወጥራል። እሷ ከላይ ጠርዙ ላይ ቆማ፣ የሂጃቧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ይዛ ቁልቁል ታየዋለች። ቀና ሲል ያየው ዓይኗን ብቻ ነው። ዓይን ብቻ ማየት ደግሞ ለወጣት ወንድ ጥሩ አይደለም፤ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሙዓዝም የቀረውን ሲሞላ መልስ መስጠቱን ረሳው።

«ኢንጅነር፣ አልሰማኸኝም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። ኢንሻአላህ ክረምቱ ሲወጣ።»

«ክረምቱ እኮ ገና አልገባም።»

«አብሽሪ፣ ይገባል» አላት።

ሳቀች። ሳቋንም ከዓይኗ ላይ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እሱ ገመዱን የት ላይ ሊያስረው እንደነበር ጠፍቶት ቆሞ ቀረ።

ሰፈሩ ከሐይቅ ከተማ በታች፣ መሬቱ ወደ ውሃው ማዘንበል ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከላይ ያሉት መኖሪያ ቤቶችና ምግብ ቤቶች የሚለቁት እጣቢ፣ ከመጸዳጃ ጉድጓዶቹ ሞልቶ የሚፈሰው ሳይቀር፣ ተሰብስቦ በሼህ ሐቢብ በር ፊት ባለ አንድ ቦይ ይወርድና ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሼህ ሐቢብ የሂዳያ አባት ናቸው። የተከበሩ እህል ነጋዴ ቢሆኑም ሰፈሩ የሚታወቀው በእሳቸው ስም ሳይሆን በክፉ ጠረኑ ነበር። እንግዳ አፍንጫውን ይዞ ይገባል፣ የቀረበለትን እንደ ነገሩ ይቀማምሳል፣ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። የሂዳያ እናት እትዬ ፈሂማ ደግሞ ከምንም በላይ የሚወዱት እንግዳ መቀበል ነውና ይህ ነገር ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

ሂዳያ ራሷ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። «የሰው መታጠቢያ ቤት ሳጸዳ ኖሬ ብመጣ፣ የከተማው ሁሉ መታጠቢያ ቤት ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ» ትላለች። ለዚህም ነው አንድ ፕሮጀክት ፍሳሹን በተክል የሚያጣራ ሥራ ሊሠራ ቦታ ሲፈልግ፣ አባቷን ወጥራ ይዛ ከቤታቸው በታች ያለውን የሽንብራ ማሳ ያሰጠችው። ሥራውን እንዲመራ የተላከው ሙዓዝ ነበር። የአምባሰል ልጅ ነው፤ ውጫሌ ተወልዶ አድጎ፣ የውሃ ምሕንድስና ተምሮ፣ ደሴ ተቀጥሮ የሚሠራ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሂዳያ በየማለዳው መጥታ ጠርዙ ላይ ትቆማለች።

«ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ገና ነው።»

«በል እንግዲህ ሥራህን ሥራ» ብላው ትሄዳለች። አንድ ቀን ሳትመጣ ብትቀር እሱ ቀኑን ሙሉ ሠራተኛ ሲቆጣ ዋለ። ለሠራተኞቹ ምክንያቱ ከእሱ በፊት ነበር የገባቸው።

የሥራው ነገር እንዲህ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ የተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከባድ ከባዱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ ጠጠር ወደተሞላና ፊላ የሚባል ረጅም የረግረግ ሣር ወደተተከለበት መደብ ያልፋል፤ ከዚያ ቀጤማ ወደተተከለበት ሁለተኛ መደብ። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ኩሬ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሞተር የለውም፣ መብራት አይፈልግም።

«ሣር ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጉድ የሚያጠራው?» አለችው አንድ ቀን፣ ፊላው ሲተከል እያየች።

«ሣሩ ብቻውን አይደለም። ሥሩና ጠጠሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ሣሩ ማደሪያ ነው የሚሆናቸው።»

«የእኛስ ሥራ ምንድን ነው?»

«መጠበቅ። ሥሩ እስኪይዝ።»

«መጠበቁንማ ችዬበታለሁ» አለች። ስለ ምን እንደምታወራ አልጠየቃትም። ሊጠይቃት ፈልጎ ፊላው መካከል ጎንበስ አለ።

የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው የመደቦቹ ተንከባካቢ እንዲመረጥ ሲባል፣ አንድም ሰው ሌላ ስም አላነሳም። ሂዳያ ረጅም የላስቲክ ጓንቷን አጥልቃ፣ ማጭዷን ይዛ ሥራ ጀመረች። እሱ ያስተምራታል። ቦዩ ሲደፈን እንዴት እንደሚጠረግ፣ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ብቅ ካለ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከየትኛው መደብ ምን መንካት እንደማይገባ። የሁለተኛው መደብ ውሃ ከመጀመሪያው ይሻላል እንጂ ገና ንጹሕ አይባልም። ክረምቱ ሲወጣ ቀጤማው ሳያረጅ ታጭዶ፣ ተሰብስቦ፣ ከሰውም ከከብትም ርቆ ለብስባሽ መከመር አለበት፤ ያኔ አዲሱ በርትቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ ነገራት። እሷ የነገራትን ሁሉ ያዘች። እሱ ግን ሲናገር የሚያየው እጇን ስለነበር፣ ምን እንደነገራትና ምን እንዳልነገራት በደንብ አያስታውስም።

ክረምቱ ገባ። ፊላው ከሰው ቁመት አለፈ፤ ቀጤማው እንደ ምንጣፍ ገጥሞ መደቡን ሸፈነው። አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ሲያባራ፣ ሙዓዝ ኩሬዋ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃውን ሲያይ አገኘችው። ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል።

በዚያ ቀን ጠያቂው እሱ ሆነ።

«ዛሬስ?» አላት።

ሂዳያ የሂጃቧን ጫፍ ከአፍንጫዋ ላይ ለቀቀችው። አየሩን ሳበች። እንደገና ሳበች። እርጥብ አፈርና ሣር ይሸታል፣ ሌላ ነገር የለም። በዚያ ቦታ ላይ አፍንጫዋን ሳትሸፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያን ቀን ነው። ልታለቅስ ስትል አየና ሊያባብላት ተነሣ።

«እማን ልጥራት» ብላ እየሮጠች ወጣች።

እትዬ ፈሂማ መጥተው፣ ዙሪያውን አይተው፣ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸው ቀጤማው ላይ ዐረፈ። «ይሄን የመሰለ ቀጤማ! ለዒድ ቢነጠፍ እንዴት ያምራል» አሉ።

«እማ፣ ይሄማ አይነካም» አለች ሂዳያ ፈጥና። «ነጃሳ ጠጥቶ ያደገ ነው። ቤት ውስጥ ዝር አይልም።»

«ወይ ልጄ፣ ለነገሩ አልኩ እንጂ» አሉ እናቷ።

ሙዓዝ ሳቀ። እናቲቱ ያሉት ነገር በጆሮው ቀረ። ልጅቱ የመለሰችው አልቀረም። ኋላ ላይ ይህን ሲያስብ ራሱን የሚጠላው ለዚህ ነው።

መስከረም ላይ ኩሬዋ ዳር ተቀምጠው ሳለ፣ ሂዳያ ወደ ሐይቁ እያየች፣ «ሪያድ የነበርኩበት ቤት ተመለሺ እያሉኝ ነው» አለችው። «ቪዛውን ልከዋል።»

ከማዶ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት በኩል፣ አንድ ታንኳ ቀስ ብላ ትመጣለች። ሁለቱም እሷን ያዩ መሰሉ።

«አትሂጂ» አላት።

«ለምን?»

ታንኳዋ ወደ ዳር ተጠጋች።

«ሣሩን ማን ይጠብቀዋል?»

«ለሣሩ ነው እንድቀር የፈለግከው?»

«ለእኔ» አለ። ድምፁ ለራሱም አልታወቀውም።

ሂዳያ መሬት መሬት እያየች በእጇ አንድ ሣር ጠቀለለች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀለለች። «እንግዲያ ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። ሪያድ ሳለሁ የአያቴን መሞት ሰው ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው የሰማሁት። ስለ ቤቴ የሚነገረውን ነገር መጨረሻ ላይ መስማት ጠልቻለሁ። ክፉም ይሁን ደግ፣ እኔን የሚመለከት ነገር ሲኖር መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።»

«ወላሂ፣ መጀመሪያ ለአንቺ» አላት።

ቪዛውን አልፈልግም ብላ መልስ ላከች።

የሙዓዝ አባት ሼህ ዑበይዱላህ ቀላል ሰው አልነበሩም። ውጫሌ ውስጥ በጥንቃቄያቸው የታወቁ ናቸው፤ ጥርጣሬ ያለበት ቦታ አይሰግዱም፣ የዝናብ ጠብታ ከየትኛው ጣሪያ እንደ ወረደ ሳያጣሩ ጋቢያቸውን አያደርቁም ይባልላቸዋል። የልጃቸው ሥራ ራሱ ያሳፍራቸው ነበር። «ይሄን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩት የሰው እድፍ እንዲጠብቅ ነው?» ይሉታል። ሙዓዝም ያን ያህል ተምሮ፣ ያን ያህል ሠራተኛ እያዘዘ፣ አባቱ ፊት ሲቆም ቁርኣን ቤት ትምህርቱን ያላጠና ልጅ ይሆናል።

ደግሞ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ስለዚህ ስልክ የሚያወሩት የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ነው። ሙዓዝ ከደሴ ሲደውልላቸው፣ ምሳ ምን እንደ በላ የውጫሌ ገበያ ሁሉ አብሮ ይሰማል። ሲጨርሱም መዝጋቱን አያውቁበትም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት ይሄዳሉ። ቤተ ሰቡ በዚህ ነገር ሲስቅ ኖሯል።

ብዙ ተለመኑና እሺ አሉ። «ደግ ቤት ነው ብለውኛል። እንሄዳለን» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት ጥቅምት ላይ፣ በአንድ እሑድ ከዙሁር በኋላ ነው። እንደ ወጉ አግቢው አብሮ አይሄድም። ሙዓዝ ደሴ እንዲቆይ ተነግሮት ነበር፤ አልቻለም። ሐይቅ ድረስ በሚኒባስ መጥቶ፣ ሰው እንዳያየው በታች በኩል ዞሮ፣ መደቦቹ ጋ ደረሰ። ከዚያ የሼህ ሐቢብ ቤት ጣሪያ ይታያል፤ ቢያንስ ጣሪያውን እያየሁ ልጠብቅ ብሎ ነው። አፍቃሪ ሰው በጣሪያም ይጽናናል።

ፊላው ቆሟል። ወደ ሁለተኛው መደብ ዞር አለ። ቀጤማው የለም።

ከዳር እስከ ዳር ታጭዷል። የቀረው ገለባ የሚያህል ጉቶ ነው፤ ቁርጡ ገና አልደረቀም። ሙዓዝ ቆሞ አየው። መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም፤ ቀጥሎ የእትዬ ፈሂማ ድምፅ መጣበት። እንዴት ያምራል ብለው ነበር። ዛሬ የሚጠብቁት እንግዳ ከዒድ ይበልጣል። አባቱ አሁን በዚያ ጣሪያ ሥር፣ ቀጤማ ላይ ተቀምጠዋል። እርጥብ ቀጤማ፣ ከዚህ መደብ የታጨደ። በነጭ ጋቢያቸው።

በዚያው ሰዓት ከላይ ከመስጊዱ የአስር አዛን ተሰማ። እዚያው ቤት ሊሰግዱ ነው። ግንባራቸውን እዚያ ላይ ሊያኖሩ ነው።

ስልኩን አወጣ። ሁለቱ ስሞች ላይና ታች ናቸው፤ ከላይ ሂዳያ፣ ከታች አባቱ። ዕለቱን ከእነሱ ሌላ ለማንም አልደወለም ነበር። ጣቱ በሁለቱ ስሞች መካከል ቆመች። ለሂዳያ ቢደውል ምን ይላታል? እስክትሰማ፣ እስክትገባ፣ እስክትናገር፣ አባቱ ሱጁድ ይወርዳሉ። አንድ ቀንም ያውቁታል፤ ልጄ የራሱን ነጃሳ አነጠፈልኝ፣ እያወቀም ዝም አለኝ ይላሉ። ይህን ያሰበው ያኔ ነው ወይስ ኋላ ለራሱ ማስተባበያ ሲፈልግ፣ እሱም አያውቀው። የሚያውቀው የነካው የአባቱን ስም መሆኑን ነው።

«አባ፣ የተነጠፈላችሁ ቀጤማ ከፍሳሹ የታጨደ ነው። እንዳትሰግዱበት» አለ፣ ባንድ ትንፋሽ።

የራሱ ድምፅ በስልኩ ውስጥ፣ በዚያ ቤት ግድግዳ ተመልሶ ሲያስተጋባ ሰማው። ያን ጊዜ ነው የአባቱ ስልክ ነገር ትዝ ያለው።

 ከዚያ ልብስ ሲራገፍ ተሰማ፤ ሰዎች እየተነሱ ነው። አባቱ እንደ ልማዳቸው ስልኩን አልዘጉትም፤ እሱም ከጆሮው ማንሳት አልቻለም።

«ወላሂ ከሐይቁ ዳር ነው። በእጄ ነው ያጨድኩት» የሚል የእትዬ ፈሂማ ድምፅ መጣ፤ ከጓዳ በር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

«ቦታውን የሠራው ልጄ ነው» አሉ ሼህ ዑበይዱላህ። «እሱ ይሄን አያጣውም።»

«እንግዲያ ባለቤቴ በአላህ ስም ዋሽታለች ማለት ነው?» አሉ ሼህ ሐቢብ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«እኔ እንዲያ አልወጣኝም።»

«ወጥቶዎታል እንጂ፣ ሼህ። እንግዳዬ ናችሁና ሌላ አልናገርም። በሩ ያውላችሁ።»

ከዚያ ከሩቅ የሂዳያ ድምፅ ተሰማ። «ማን ነው የደወለው?» ብላ ጠየቀች።

አንድ ሰው «ሙዓዝ» አላት።

ከዚያ በኋላ የእሷን ድምፅ አልሰማም። የተሰማው የጫማ ኮቴ ነው፣ ከዚያም የመኪና በር።

ደወለላት። አታነሳም። ደጋግሞ ደወለ። ወደ ተከደነው ጉድጓድ ጀርባ ሄደ፣ ሰው እንዳያየው ለመቀመጥ። እዚያ ነው ያየው።

ቀጤማው እዚያ ነበር። ሁሉም። በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ከግንቡ ጥግ ተከምሮ፣ ከብት እንዳይደርስበት እሾህ ተደርጎበት። ጓንቷ ታጥቦ ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል፤ ማጭዷ አጠገቡ ተጋድሟል። ዙሪያው ተጠርጓል። ድንገት የሙዓዝ አባት የልጃቸውን ሥራ ልይ ብለው ቢወርዱ፣ ጸድቶ እንዲያገኙት ሂዳያ አስባ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይታጨድ፣ ከሰው ይራቅ፣ ይከመር ያላት ራሱ ሙዓዝ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወሰ። ነዶዎቹን እያየ ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ።

ሮጦ ወደ ላይ ሲወጣ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳ። ከውስጥ የሼህ ሐቢብ ድምፅ፣ «ዛሬ አይሆንም፣ ልጄ። ሂድ» አለው። ልጄ ማለታቸው ከስድብ በላይ አመመው።

ወሬው በማግሥቱ ገበያ ደረሰ። እነ ሼህ ሐቢብ ለሽማግሌ ፍሳሽ አነጠፉ ተባለ። ከሽታ ገና በተገላገለው ቤት ላይ ሌላ ሽታ ተለጠፈበት። እንግዳ መቀበል የሚወዱት እትዬ ፈሂማ ለቅሶ ቤት እንኳ መሄድ ተዉ።

ስለ ሼህ ዑበይዱላህ እውነቱን መናገር ይገባል። ልጃቸው ያየውን ሁሉ ነገራቸው። ከዚያ «የሴትዮዋን ሐቅ በልቻለሁ» ብለው ተነሡ። የአምባሰል ሽማግሌዎችን አስከትለው ሐይቅ መጡ፤ በገበያው መካከል በእግራቸው አለፉ፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው። በሼህ ሐቢብ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። ሙዓዝን በዚያ ቀን አብረው ወስደውታል።

ገቡ። ምግብ ቀረበ፣ ሁሉም በሉ። ግን ወለሉ ላይ አንዲት ሣር አልነበረችም። ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ባዶውን ነው የጠበቃቸው። ሙዓዝ ከዚያ ባዶ ወለል ላይ ዓይኑን ማንሳት አልቻለም።

«አፉ በሉን» አሉ ሼህ ዑበይዱላህ።

«አፉ ብለናል» አሉ ሼህ ሐቢብ፣ እትዬ ፈሂማም ከጓዳ ደገሙት። «የጋብቻውን ነገር ግን ጠይቃችሁ የምትሰሙት ከልጅቱ ነው። እኔ አላስገድዳትም።»

ልጅቱ አልመጣችም። መልሷን በእናቷ ላከች፤ አይሆንም የሚል ነው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ አገኛት። ያኛው ቪዛ ተመልሶ መጥቶላት ነበር። የመደቦቹን ሥራ ለምታስረክባት ለጎረቤቷ ለኢልሀም ቦዩን ስታሳይ ደረሰ። ኢልሀም አየችውና ፊላው ወዳለበት ፈቀቅ አለች።

ታጭዶ የነበረው ቀጤማ እንደገና አቆጥቁጧል። ለምለም ነው። ሁለቱም ኩሬዋ ዳር፣ ድሮ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቆሙ፤ የተቀመጠ የለም።

«አፉ በይኝ» አላት።

«አፉ ብዬሃለሁ። ዛሬ አይደለም፣ የዚያኑ ዕለት ነው ያልኩህ። ቂም ይዤ ማደር አልችልበትም።»

«እንግዲያ ለምን ትሄጃለሽ?»

ሂዳያ ወደ ውሃው ዞረች። ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል።

«እማ ያን ቀን ከፈጅር በኋላ ነው የወጣችው፣ ጉልበቷን እያመማት» አለች። «በዚህ በኩል አልፈን፣ ይሄን አልፈን፣ እስጢፋኖስ መሄጃ ድረስ ሄደን ውሃው ከጠራበት አጨድን። ለሙዓዝ አባት ንጹሑን ትላለች፣ መንገዱን ሙሉ። ሸክሙን ልቀበልሽ ስላት እንቢ አለችኝ።»

«አላወቅሁም።»

«አላወቅህም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄን ውሃ አብረን አሸተትን። ከየትኛው ምን እንደማይነካ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔ አባትህን እዚያ ላይ የማስቀምጥ መሰለህ?»

«አዛኑ ሲጀምር... ፈራሁ ሂዳያ። አባቴን ፈራሁ።»

«አውቃለሁ» አለችው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ስልኬ እኮ እጄ ላይ ነበር፣ ሙዓዝ።»

ሁልጊዜ ኢንጅነር ነበር የምትለው። በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው።

«ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ ጓዳ ቁጭ ብዬ እጄ ላይ ይዤዋለሁ» አለች። «አያስችለውም፣ ምን አሉ ብሎ ይደውልልኛል ብዬ። ስልክ ሲጮህ የእኔ መስሎኝ ደንግጬ አየሁት። የአባትህ ነበር።»

ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ለኢልሀም ሰጠችና በላይኛው መንገድ ወጣች። የሂጃቧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ያዘች፤ የሚሸት ነገር ግን አልነበረም። ፊቷን እንዳያይ እንደሆነ ገባው። ሊከተላት አንድ እርምጃ ተራምዶ ቆመ።

የሐይቁ ሥራ ዛሬም ደኅና ነው። ሌሎች ከተሞች አይተው ለእኛም ይሠራልን አሉ፤ ሙዓዝ አሁን ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ፊላና ቀጤማ ያስተክላል። ተንከባካቢ ሲያሠለጥን የሚናገረውን እያንዳንዱን ነገር አሁን ያስታውሳል። አላገባም። አባቱ ስለዚህ አያነሱም፤ ሲደውልላቸው ብቻ የስልኩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ያወራሉ፣ ሲጨርሱም ሰው ጠርተው ያስዘጉታል።

አንድ ልማድ አለው። አዲስ ሥራ አልቆ፣ ከመጨረሻው ኩሬ ውሃው ጠርቶ የታየ ቀን፣ ስልኩን ያወጣል። አለቃው ይጠብቃሉ፣ የሰፈሩ ሰው ይጠብቃል፣ አባቱ ውጫሌ ላይ ይጠብቃሉ። እሱ መጀመሪያ ሂዳያ የሚለውን ስም ይነካል። የአገር ቤት ስልክ ቁጥሯ ከሄደች ወዲህ አይሠራም። የማይሠራ መሆኑን የምትናገረዋን ሴት ድምፅ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ለሌላ ሰው የሚደውለው ከዚያ በኋላ ነው።